ከደወሉ የቀደመ እጅ

ይድረስ ለክቡር የውሃ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ ተሻለዎት? በስብሰባ መሃል ብቅ የሚልብዎት ያ ሳል ለቀቀዎት? ልጆችዎ፣ መኪናዎ፣ የቢሮዎ ምንጣፍ፣ ሁሉም ደኅና ነው ብዬ አምናለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የግድግዳ ሰዓትዎ ጤንነት እንቅልፍ ነስቶኛልና እሱን ሳልጠይቅ ብጀምር ደብዳቤዬ ጎደሎ ይሆንብኛል። ደኅና ነው? ከጎረቤቱ ሰዓት ጋር ይስማማል? ፈጣሪ ያስማማቸው።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሁሉ ጸሐፊዎ ዘንድ በሰላም ደርሰው፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደ ገቡ እሳቸውም እኔም ሳናውቅ ስለ ቀረን፣ ይኸኛው ቢያንስ ሲጠፋ ምስክር ይኑረው ብዬ ነው።

ራሴን ባስተዋውቅ ነውር የለውም። ከድርጅትዎ ዋና በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ልብስ የምሰፋው ሴት ነኝ። የሠራተኞችዎ ሱሪ የሚያጥረው፣ ዚፓቸው የሚቀየረው፣ ሹመት ሲያገኙ ኮታቸው የሚሰፋው እኔ ዘንድ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በፓምፕ ጣቢያዎ የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ያቺን «ነበር» የጨመሩልኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬ ካሉበት ይድረስዎ።

ነገሩን ረስተውት ይሆናል፤ ሥራ ይበዛብዎታል። እንግዲያው ላስታውስዎ። የቀን ፈረቃ ገና እንደ ገባ ነው። ወንድሜ ወንበሩን ስቦ ሲቀመጥ የትልቁ ፓምፕ የግፊት ቁጥር ወደ ላይ ሲወጣ ያያል። ደወል ሳይጮኽ ፓምፕ እንዳይቆም የሚል የእርስዎ ፊርማ ያለበት ደንብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏልና እጁን ቀዩ ማቆሚያ ላይ አሳርፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ደወሉ ጮኸ፤ ከመጮኹ ተጫነው። ፓምፑ ቆመ። ቧንቧው ግን አልቻለም፤ ፈነዳ። ከወለሉ በታች በነበረው የፓምፕ ክፍል ውስጥ የወንድሜ የልብ ጓደኛ ነበር፤ ባልደረቦቹ ጉልቤ የሚሉት መካኒክ። ጠዋት ጠዋት ጉልቤ ከታች ሆኖ ቧንቧውን በመፍቻ ሲመታ፣ ወንድሜ ከላይ ወለሉን በጫማው እየመታ ይመልስለት ነበር፤ እንደዚያ ነበር እንዴት አደርህ የሚባባሉት። የዚያን ዕለት ጉልቤ ከዚያ ክፍል በሰው ሸክም ወጣ። ሆስፒታል እንኳ አልደረሰም።

አጣሪ ኮሚቴዎ ተቀመጠ። ደወሉ መቼ እንደ ጮኸ የሚመዘግበው አንድ ኮምፒውተር ነው፤ ማቆሚያው መቼ እንደ ተጫነ የሚመዘግበው ሌላ ኮምፒውተር ነው። የሁለቱ መዝገብ ጎን ለጎን ሲደረግ እጁ ቀድሞ፣ ደወሉ ተከትሎ ተገኘ። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ዓይን ለማርገብገብ እንኳ አይበቃም፤ ለኮሚቴው ግን በቃ። ወንድሜ ያለ ደወል፣ ያለ ምክንያት ፓምፑን በድንገት አቁሞ፣ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ቧንቧውን አፈነዳው፤ ደወሉም የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው ተባለ። የውሳኔውና የስንብቱ ወረቀት ለወንድሜ ተሰጠው፤ ግልባጩ ለጉልቤ ሚስት። ለእሷ ግልባጭ መላክ ያሰበውን ሰው አስተዋይነት ሳላደንቅ አላልፍም።

አሁን ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቢሮዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ።

አንደኛ። ጥፋቱ የአንዲት ሰከንድ እንጂ የወንድሜ አለመሆኑን የነገሩኝ እርስዎ መሆን ሲገባዎት፣ የነገሩኝ የራስዎ የኮምፒውተር ቴክኒሻን ናቸው፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሰላምታቸው የማያልቅ ጨዋ ሰው። ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው በርጩማዬ ላይ አቁሜያቸው የሱሪያቸውን እግር በስፒል እየሰካሁ ስለ ወንድሜ ጠየቅኋቸው። ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያውን በስፒል የተከበበ ሰው እንደ ልቡ መሸሽ አይችልምና፣ እሱማ የታወቀ ነገር እኮ ነው እኅቴ፣ ብለው ጀመሩልኝ። እጄ ላይ የነበረው ስፒል ወደቀ። የታወቀ! ለማን?

እንደ ነገሩኝ ከሆነ፣ ይህች የተሸከመችን ምድር እንደ ሰዓት አስተካክላ አትዞርም፤ ትለግማለች። እሷን ለመጠበቅ ሲሉ የዓለምን ሰዓት የሚጠብቁት ሊቃውንት አልፎ አልፎ በአንዱ ቀን መጨረሻ ላይ አንዲት ትርፍ ሰከንድ ይጨምራሉ። የነሱ ቀን የሚያልቀው እኛ ዘንድ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው። በዚያች ዕለት የመጨረሻዋ ደቂቃ ስልሳ አንድ ሰከንድ ይኖራታል። ሰው ተኝቶ ያሳልፋታል፤ ኮምፒውተር ግን እስከ ስልሳ እንጂ ስልሳ አንድን አልተማረምና ግራ ይገባዋል። ታዲያ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚነግረው አለቃ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ ነገሩን በሁለት መንገድ ይወጣዋል። አንዱ ዓይነት ሰርቨር ሰከንዷ ስትመጣ ባለበት ቆሞ ያሳልፋትና ይቀጥላል። ሌላው ዓይነት መደንገጥ ስለማይወድ፣ ከግማሽ ቀን በፊት ጀምሮ እስከ ግማሽ ቀን በኋላ እያንዳንዷን ሰከንድ በማይታወቅ መጠን እየለጠጠ ትርፏን ቀኑን ሙሉ ያከፋፍላታል።

በእኔ ሙያ ልንገርዎ። ከቀሚስ ወገብ ላይ አንድ ጣት ትርፍ ጨርቅ ሲገኝ አንዷ ሰፊ አንድ ቦታ ላይ ትሸበሽበዋለች፤ ሌላዋ ዙሪያውን በጥቂት በጥቂቱ እየሰበሰበች ታጠፋዋለች። ሁለቱም ሙያ ነው፤ በሁለቱም የለበሰች ሴት አታፍርም። ግማሹን ወገብ በአንደኛው፣ ግማሹን በሌላኛው ከሠሩት ግን ስፌቱ አይገጥምም፤ ያንን ገና መርፌ መያዝ የጀመረች ተለማማጅም አትሠራውም። የእርስዎ ድርጅት ሠርቶታል። ደወሉን የሚመዘግበው ኮምፒውተር ሰዓቱን የሚጠይቀው ከሚለጥጠው ሰርቨር ነበር፤ ማቆሚያውን የሚመዘግበው ባለበት ከሚቆመው። አደጋው የደረሰው ያቺ ሰከንድ በተጨመረችበት ሌሊት ማግሥት ጠዋት ነው። ባለበት የሚቆመው ሙሉዋን ሲያሳልፍ የሚለጥጠው ገና ግማሿን ብቻ ስላከፋፈለ፣ ሰከንዷ ካለፈች በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ከሌላው ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ምንም ያህል እስከማይቀረው ድረስ ይቀድማል። ስለዚህ የደወሉ ሰዓት ከእውነቱ ዘግይቶ ተጻፈ፤ የወንድሜ እጅ ሰዓት በልኩ ተጻፈ። እጁን ማቆሚያው ላይ አሳርፎ የሚጠብቅ ሰው ደወል ሲሰማ ለመጫን ግማሽ ሰከንድ አይፈጅበትም። ይኸው ነው ነገሩ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ወንድሜ ፈጣን ሆነ፣ ፈጣን በመሆኑም ወንጀለኛ ሆነ። ትንሽ ዘገምተኛ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሥራው ላይ ነበር።

ሁለተኛ። አንድ ድርጅት ሁለት የሰዓት ሰርቨር ለምን እንዳስፈለገው መጠየቄ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ግን አንዴ አፌን ከፍቻለሁ። ቴክኒሻኑ እያፈሩ እንደ ነገሩኝ፣ የኦፕሬሽን ኃላፊዎና የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዎ አየር ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል ምክንያት ተኳርፈዋል። ሰርቨሩ የሚቀመጥበት ክፍል ማቀዝቀዣ ይገባለታልና፣ ሁለቱም በእኔ በኩል ይሁን አሉ። እርስዎም ሰው የማያስቀይሙ መሪ ስለሆኑ ለሁለቱም ፈቀዱ። እነሆ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሰርቨር፣ የየራሳቸው ሰዓት፣ የየራሳቸው ነፋስ አላቸው። አንዱ ሰዓቱን ከመንግሥት መለኪያ መሥሪያ ቤት ያመጣል፤ ሌላው እኔ ከማን አንሼ ብሎ ከኢንተርኔት ያመጣል። የአንዱ ሰርቨር ከሌላው ሰርቨር ጋር ተነጋግሮ አያውቅም፤ ጌቶቻቸውም እንደዚያው ናቸው። በሙቀት ምክንያት የሞተ ሰው አለመኖሩ ግን ትልቅ ስኬት ስለሆነ እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን የምስጋና ቃል ነው። ከአደጋው በኋላ ባለው ሳምንት ቴክኒሻኖችዎ የሁለቱ ሰዓት በዚያ ጠዋት መለያየቱን ከመዝገቡ አይተው፣ ሁለቱንም ኮምፒውተር ካንድ ሰርቨር ጋር አገናኝተው አስተካክለውታል። ያውም ኮሚቴው ገና እየተሰበሰበ ሳለ። ያውም ለኮሚቴው ትንፍሽ ሳይሉ። ማለት እጃቸው ስሕተቱን እያረመ፣ አፋቸው ተለጉሞ ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋነት በየመሥሪያ ቤቱ አይገኝም። ይህን ቀርበው እንዲናገሩልኝ ቴክኒሻኑን ስለምናቸው አንገታቸውን ሰብረው፣ እኔም ልጆች አሉኝ እኮ እኅቴ፣ አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። ከበርጩማው ወርደው ሄዱ፤ ሱሪያቸውን ለመውሰድ እስካሁን አልተመለሱም። አጥሮ፣ ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ ካዩዋቸው ይንገሩልኝ።

አራተኛ። ይግባኝ ልል ቢሮዎ ስመላለስ ያየሁትን መስተንግዶ ለማመስገን ቃል አጥሮኛል። ዘበኛዎ እንደ ቤተሰብ ለምደውኛል፤ ከበሩ ጀምሮ ዛሬም የሉም እያሉ ይቀበሉኛል። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አግኝቻቸው፣ ስለ ሰከንዷ፣ ስለ ሁለቱ ሰርቨር አንድም ሳላስቀር ተናገርሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፤ ሐሰት አይባልም። ከዚያም በርኅራኄ ትከሻዬን ዳሰስ አድርገው፣ እመቤቴ፣ ሰው ይሳሳታል፣ ኮምፒውተር ግን አይዋሽም፣ አሉኝ። እኔም የትኛው ኮምፒውተር? ብዬ ጠየቅኋቸው። ደረጃውን ወርደው ጨርሰው ነበር። ሁለት ሰዓት ያለው ቤት ውስጥ ሰዓት አይዋሽም ብሎ ማለት እንዴት ያለ እምነት ነው! እኔ እንዲህ ያለ እምነት በሰው ላይ ቢኖረኝ የት በደረስሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ በቁጥር ሳላስገባው። ግፊቱ ያሻቀበው ከፓምፑ ፊት ያለው ቫልቭ፣ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማለት ነው፣ ተጣብቆ አልከፈትም በማለቱ ነው ይባላል። ያ ቫልቭ ይቀየር ብሎ አለቆቹን ሲጨቀጭቅ የኖረው ራሱ ጉልቤ ነው፤ በምሳ ሰዓት ስለዚያ ቫልቭ ሲያማርር ሰሚው ወንድሜ ነበር። እጅ ከደወል ከቀደመ ጥፋቱ የእጅ ነው፤ ደወል ከእጅ ከቀደመ ጥፋቱ የቫልቭ ነው፣ የቫልቭ ከሆነ ደግሞ አይቀየርም ያለው ሰው ጥፋት ነው። ያቺ ሰከንድ ለአንዳንድ ሰው ከሰማይ የወረደች ሲሳይ መሆኗን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ማን ማን እንደሆነ አልናገርም፤ አሁንም ሰው አላስቀይምም።

አምስተኛ። ይህችን ሳልጽፋት ልተዋት ነበር፤ ሆዴ እምቢ አለኝ። ወንድሜ በመጀመሪያ ይምል ነበር። ደወሉ ቀድሟል፣ በጆሮዬ ሰምቼ ነው የተጫንሁት እያለ፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። የጉልቤ ሚስት ከኛ ሁለት በር አልፋ ነው የምትኖረው። ከኔ ጋር ቡና ሳንጠጣ አንውልም ነበር፤ የልጆቿንም የትምህርት ቤት ልብስ የምሰፋላት እኔ ነበርሁ። ያ ግልባጭ ከደረሳት ወዲህ እኛን ስታይ መንገድ ትሻገራለች። አልሰደበችንም፤ አላለቀሰችብንም፤ ብትሰድበን ይሻለን ነበር። ወንድሜ አንድ ቀን በሯ ድረስ ሄዶ ደወሉ ቀድሟል ሊላት ሲል በሩን በዝግታ ዘጋችበት። በዝግታ መዝጋቷ ነው የጎዳው።

ከዚያ በኋላ መማል ተወ። ከዚያም መጠራጠር ጀመረ። ሳህን ለማጠብ ስቆም ከጎኔ ይመጣና ድስቱን በማንኪያ ምቺልኝ ይለኛል። እሱ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ ስመታ ይጫናል። እንደገና፣ ይለኛል። እንደገና እመታለሁ። አንዳንዴ ማንኪያዬ ከመድረሱ በፊት እጁ ይወርዳል፤ ክንዴ ሲነሣ ስለሚያየው ነው፣ ማንም ሰው ያደርገዋል። እሱ ግን ፊቱ አመድ ይመስላል። አየሽ፣ ይቀድማል እኮ፣ ይለኛል። አይቀድምም ሞኝ አትሁን፣ እለዋለሁ። ቢቀድም ነው እንጂ ኮምፒውተሩ ከየት ያመጣዋል፣ ይለኛል። ስለ ሰከንዷ፣ ስለ ሰርቨሩ፣ ስለ ቀሚሱ ወገብ ሁሉ ነገርሁት፤ የተማረ ሰው ነው፣ ይገባዋል፣ ገብቶታልም። ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ባንድ በኩል፣ ልብስ ሰፊ እኅት በሌላ በኩል ሲሆኑ ማን እንደሚያሸንፍ እርስዎ ያውቁታል። ክቡር ሆይ፣ ከሥራ ያባረሩትን ወንድሜን ችዬው ነበር። ከገዛ ጆሮው ያባረሩትን ወንድሜን ግን እንዴት እንደምችለው አላወቅሁም። ተቃጠልሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ወደ ሥራው ይመልሱት አላልሁም። ካሣ አላልሁም። ማንም ይቀጣ አላልሁም፤ ሁለቱም ኃላፊዎችዎ በነፋሳቸው ይቀዝቅዙ። የምጠይቀው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ በዚያ ጠዋት የሁለቱ ኮምፒውተር ሰዓት አንድ አልነበረም የምትል፣ ማኅተም ያለባት፣ አንዷ ለወንድሜ፣ አንዷ ለጉልቤ ሚስት። ለመጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ትርፍ ሰከንድ እንደሁ ድርጅትዎ አልጎደለበትም።

እንደማይጽፏት አውቃለሁ። ተስፋ ይዤ የምጽፍ እንዳይመስልዎ፤ ተስፋዬን ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ከፖስታዎቹ ጋር ትቼዋለሁ። በነገራችን ላይ ቴክኒሻኑ እንዳሉኝ የዓለም ሰዓት ጠባቂዎች ተሰብስበው፣ ይህች ትርፍ ሰከንድ ኮምፒውተሮችን ስላስቸገረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንድትቀር ተስማምተዋል። እሰይ! ኮምፒውተር ሲቸገር የሚሰበሰብለት አላጣም። ሰከንዷም በጡረታ ትገላገላለች፤ ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ ነገር ነበረ ብል የሚያውቅልኝም አይኖርም።

ለጤናዎ፣ ለሹመትዎ፣ ለሁለቱ ሰርቨሮችዎና ለሁለቱ ማቀዝቀዣዎችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን በማባከኔ ከመሬት ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ መልስዎን ባልጠብቅም እንደምጠብቅ ሆኜ በደጃፌ ቆሜ የሚያዩኝ፣

ከዋናው በር ፊት ለፊት ያለችው፣
አክባሪዎ ልብስ ሰፊ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ጨርሼ ከበርዎ አጥር ላይ ልለጥፈው ስነሣ ወንድሜ ከወጣበት ተመለሰ። የጉልቤ ሚስት ዘንድ ሄዶ ኖሯል። ደወሉ ሳይጮኽ የተጫንሁት እኔ ነኝ፣ ባልሽን የገደልሁት እኔ ነኝ ብሎ እግሯ ላይ ወድቆ ነው የመጣው። እሷም አልቅሳ፣ አልቅሳ፣ አንስታ ይቅር ብላዋለች። ቤት ገብቶ እህል ቀመሰ፤ አሁን ተኝቷል፣ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል። ደብዳቤውን እለጥፈዋለሁ፤ ግን ከእንግዲህ ማን ያምነኛል? ሰውየው ራሱ አምኗል እኮ ይሉኛል። ደግሞስ ቢያምኑኝ፣ እሷ የሰጠችውን ይቅርታ፣ እሱ ያገኛትን እንቅልፍ ልንጠቅ ነው? ስለዚህ የለመንሁዎት ዓረፍተ ነገር ይቅርብኝ፣ አይድከሙ። መዝገብዎ ስሕተት ነበረበት፤ ወንድሜ አርሞልዎታል።